ቀጭኗ እመቤትና የእትዬ ተዋቡ እሳት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለጭራሮ አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልቅሻለሁ። ያውም ስቅስቅ ብዬ፣ አፍንጫዬን በሹራቤ እጅጌ እየጠረግሁ። አሁን ሳወራው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አጠገቤ የሳቀ ሰው ቢኖር አንቀው ነበር።

ነገሩ ከአንድ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ምሳ ሰዓት ያለ ነው፤ ከዚያ አይረዝምም። ግን መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ አይገባችሁም።

ራሄል እባላለሁ። ቀየት፣ መንዝ ውስጥ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ያደግሁት አዳማ ነው። ለእኔ ብርድ ማለት ፍሪጅ ሲከፈት የሚመጣ ነገር ነበር። ቀየት ስመደብ ግን ሦስት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርጌ፣ አሁንም ጥርሴ ይንገጫገጫል። ነፋሱ ደግሞ ሰው መርጦ የሚመታ ይመስለኝ ነበር፤ የአገሬው ሰው ደረቱን ገልጦ ሲሄድ እኔን ብቻ ከየጥጉ እየጠበቀ።

ሌላው ጠባዬ ደግሞ ዝምታዬ ነው። ዝምታ ስላችሁ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ መደበቅ ነበር። ስብሰባ ላይ ከምሰሶ ጀርባ ነው የምቀመጠው። እጄን አውጥቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ በአራተኛው ዓመት አንድ መምህራችን አፍጥጦ አየኝና «አንቺ አዲስ ገቢ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አራት ዓመት ሙሉ አስተምሮኛል እኮ! እኔ ግን አልከፋኝም። እንዲያውም ሰው ሳያየኝ ማለፍ የምችል ብልህ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ወሬ መጣ። ሸዋ ሮቢት ሞዴል ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ከየወረዳው የሳይንስ መምህራን ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ በገምጋሚ ይታያሉ፤ የተሻለው ይዛወራል ተባለ። ሸዋ ሮቢት! ማንጎ ያለበት አገር! ፀሐይ ያለበት አገር! ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሕይወቴ አንድ ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

የደረሰኝ ርዕስ ከስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ በሞቃታማ ደኖች የሚኖሩ ሁለት ነፍሳትን ማወዳደር። አንዱ እበት በልቶ የሚኖረው ጥንዚዛ ነው። ሁለተኛዋ ስሟ እንኳ በአማርኛ የማይታወቅ፣ ቁርጥ ጭራሮ የምትመስል፣ ቅርንጫፍ ላይ ድርቅ ብላ ውላ የምታድር ፍጥረት ናት።

ሳምንት ቀደም ብዬ ክፍል ውስጥ ስለማመድ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጥንዚዛው እኛ ጋም አለ» አለችኝ።

«መጽሐፉ የሞቃታማ ደን ነው የሚለው» አልኳት።

«ከላሞቻችን እበት ሥር እኮ…»

«መጽሐፉ የሚለውን ጻፉ።» ተቀመጠች። እኔ ከመጽሐፍ ወጥቼ ከማን ጋር ልከራከር? ቀላሉ ነገር ዝም ማለት፣ ዝም ማሰኘት ነው።

ቦንጋ የምታስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ግን ርዕሱን ስነግራት በስልክ ጮኸች። «ጭራሮ መሳይዋን ነው? እዚህ ጫካ ውስጥ ሞልታለች! እልክልሻለሁ!» ቀልድ መስሎኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን የአውቶቡሱ ረዳት ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ አቀበለኝና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከቦንጋ ድረስ አንድ ጭራሮ ምን ያደርግልሻል?»

ይኸውላችሁ፣ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ በሕይወት ደረሰች። የመዳፌን ያህል ርዝመት፣ ቡናማ፣ እግሮቿ ክር የሚያካክሉ። ገና ሳያት ወደድኳት። ቀጭን እመቤት ብዬ ስም አወጣሁላት። የቀጋ ቅጠል ስሰጣት በላች፤ ችግሩ ብርዱ ነበር። የኔ ክፍል እንኳን ለቦንጋ ልጅ ለአዳማ ልጅም አልሆነ። ስለዚህ ቤት አከራዬ ጋ፣ ምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ አስቀመጥኳት።

አከራዬ እትዬ ተዋቡ ይባላሉ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀልጠፍ ያሉ፣ ከማለዳ ጸሎታቸው ወጥተው በቀጥታ ወደ ላሞቻቸው እበት የሚሄዱ ሴት ናቸው። መንዝ ያልኖራችሁ አይገባችሁ ይሆናል፤ እዚያ እንጨት ብርቅ ነው። እሳት ማለት ኩበት ነው። ጭራሮ ደግሞ ኩበቱን ማቀጣጠያ ነው፤ የጋራው የጓሳ ሜዳ ለቆረጣ ሲፈቀድ ዘመድ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ቆርጦ ያመጣላቸዋል፣ እትዬ ተዋቡ በቁጥር በቁጥር ያስቀምጡታል። መንገድ ላይ የወደቀች ጣት የምታህል ስንጥር ካዩ ጎንበስ ብለው ሳያነሷት አያልፉም። ይህንን አውቅ ነበር። እያወቅሁ!

ቀጭን እመቤትን መጀመሪያ ቀን ሲያዩዋት አማተቡ። «በስመ አብ! ይህ እንጨት ይራመዳል?»

«ነፍሳት ናት፣ እትዬ። ጠላት እንዳያያት ነው እንጨት የምትመስለው።»

ትንሽ አዩዋትና «ምስኪን» አሉ። «ዕድሜ ልኳን ስትፈራ ልትኖር?» ያን ጊዜ ነገሬ አላልኩትም።

የግምገማው ዋዜማ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጠል ልቀይርላት የዕቃውን ክዳን ከፈትኩ። በዚያ ቅጽበት የስፖርት መምህሩ ጌታሁን በሩ ላይ መጥቶ «ኧረ ነይ፣ ለነገ ክፍል ውስጥ የለጠፍሽው ሠንጠረዥ ከግድግዳው ላይ ተላጠ!» ብሎ ጮኸ። ዕቃው ላይ ነጠላ ጣል አድርጌ ሮጥኩ። ክዳኑን ረሳሁት።

ስመለስ እትዬ ተዋቡ ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ። ትልቁ ብረት ድስት ምድጃው ላይ ተጥዶ ይንፈቀፈቃል።

«ራሄልዬ፣ ነገ ትልቅ ሰው ፊት ትቆሚያለሽ አይደል? ገላሽን የምትታጠቢበት ውኃ ጥጄልሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኩና ነጠላውን ገለጥኩ። ቅጠል አለ። ቀጭን እመቤት የለችም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። እዚሁ ናት አልኩ። ግድግዳውን አየሁ፣ መደቡን ዳበስኩ፣ ጋቢውን አራገፍኩ። ከዚያ የጭራሮው ቁልል ላይ ዓይኔ አረፈና ላብ አጠመቀኝ። መቶ ጭራሮ መሐል ጭራሮ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ተንበርክኬ አንድ በአንድ እያነሳሁ እፍ እልባቸው ጀመር። እፍ። አይንቀሳቀስም። እፍ። አይንቀሳቀስም። እትዬ ተዋቡ ግራ ገብቷቸው ቆመው ያዩኛል።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ቀጭን እመቤት ጠፋች! ሲያነዱ አላዩዋትም?»

«እኔማ አላየሁ። ኩበቱ እምቢ ሲለኝ እዚህ ከግድግዳው ሥር አንዲት ደረቅ ጭራሮ ወድቃ…»

አልጨረሱትም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አፋቸው ሄደ። ሁለታችንም እሳቱን አየን።

ከዚያ በኋላ የወጣው ከእኔ አፍ ነው ብዬ ለማመን እስካሁን ይከብደኛል። ዓመታት ታፍኖ የኖረ ሁሉ በእኚያ ሴት ላይ ተዘረገፈ። «ጭራሮና ነፍስ ያለው ነገር አይለዩም? ምን ዓይነት አገር ነው! ሁሉም ነገር ኩበት፣ ኩበት ይሸታል! ለዚህ ነው ከዚህ መጥፋት የምፈልገው!» አልኩ። እትዬ ተዋቡ አንገታቸውን ደፍተው ድስቱን ከእሳቱ ላይ አወረዱ። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ድርግም አደረግሁና፣ ያልኳችሁን ልቅሶ አለቀስኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደጃፌ ላይ ኮሽ ሲል ሰማሁ። ስከፍት የሞቀው ውኃ በባልዲ ተቀምጧል፤ እሳቸው የሉም።

አልታጠብኩበትም። ምን ፊት አለኝ?

ጠዋት ጌታሁን ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኝ። ፊቴን አይቶ ደነገጠና ሁሉንም ነገርኩት። ጌታሁን ደግሞ ለማንኛውም ችግር መፍትሔ አያጣም፤ ትክክለኛ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

«በቃ?» አለኝ። «ይህ ነው ያስለቀሰሽ? ጭራሮ ነው የምትመስለው አላልሽም?»

«አዎ።»

«አትንቀሳቀስም አላልሽም?»

«ቀን ቀን አትንቀሳቀስም።»

«ታዲያ ጭራሮ አስገቢያ!»

ወደ ቤት ሮጬ ባልዲውን ልመልስ እትዬ ጋ ስገባ ቤታቸው ባዶ ነበርና ከቁልሉ አንዲት አስታ መዝዤ ያዝኩ። ጎን ለጎን ቀጫጭን ቅርንጫፍ አላት፤ እግር ብላችሁ ብትምሉ ማንም አይክዳችሁም። ከቀጋው ቅጠል ጋር ዕቃው ውስጥ አስቀመጥኳት። መዋሸት ቀላል ነበር፤ ከመደበቅ ብዙ አይለይም።

ሦስት ሰዓት ላይ ገምጋሚው ገቡ። ሞላ ያሉ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። ርዕሱን ጽፌ፣ ስለ ሁለቱ ነፍሳት ትንሽ አውርቼ፣ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ከቦንጋ የመጣች ናት» አልኩ። «ብርድ እንዳይመታት በአከራዬ ምድጃ አጠገብ ነው ያቆየኋት።» ሁለቱም እኮ እውነት ነው!

ገምጋሚው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ሕይወት ያለው መርጃ መሣሪያ! ይህ ነው የምንፈልገው!» መነጽራቸውን አወረዱ፣ ጎንበስ አሉ። «አይ የፈጣሪ ሥራ! እግሮቿ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አያችሁ ልጆች? አሁን እንኳ ተንቀሳቀሰች!»

ሊያየኝ ገብቶ ከኋላ የተቀመጠው ጌታሁን ሳል ሳል አለው። እኔ ፈገግ አልኩ። ሸዋ ሮቢት ሸተተችኝ፤ ማንጎው፣ ፀሐዩ፣ ሁሉም።

በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ተዋቡ ናቸው። ጫማቸው ጭቃ ብቻ፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው አፈር። ነጠላቸው ሥር የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘዋል። ገምጋሚውን እጅ ነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ትናንት አንዷን አጠፋሁብሽ። ሁለት ናቸው ብለሽኝ ነበር፤ ጥንዚዛው እንኳ እንዳይቀርብሽ ብዬ ከንጋት ጀምሮ…» ጣሳውን ዘረጉልኝ። ውስጡ እበትና አፈር ነው። ከእበቱ መሐል ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ ጥንዚዛዎች ይተራመሳሉ።

ገምጋሚው «አንዷን አጠፋሁብሽ» የሚለውን አልሰሙት ይሁን አልገባቸው እንጃ፣ በደስታ ተቀበሏቸው። «እናታችን፣ አከራይዋ እርስዎ ነዎት ማለት ነው? ይህቺን ጉደኛ እርስዎ ጋ ነው አሉ የከረመችው። እስቲ ይመስክሩ፣ እሷ ናት?»

እትዬ ተዋቡ ዕቃውን አዩ። አንዲት አፍታ ፊታቸው በደስታ ፈካ፤ ተርፋ ነው ብለው። ከዚያ ጠጋ ብለው አዩ። የገዛ አስታቸውን፣ የቆጠሩትን ጭራሮ፣ እሳቸው ሊያጡት? ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። የጠዋት ጸሎታቸውን የማያስታጉሉ፣ በዋዛ እንኳ መሐላ የማይወጣቸው ሴት ናቸው።

«አዎ፣ ጌታዬ» አሉ ቀስ ብለው። «እሷ…»

«አይደለችም!»

የጮኸው ማን እንደሆነ ለማየት ልዞር ምንም አልቀረኝም። እኔው ነኝ። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳይቀሩ ደንግጠው ዘለሉ።

«ጭራሮ ነው» አልኩ። «ተራ ጭራሮ። ከእትዬ ቤት ሳልጠይቅ የወሰድኩት። እውነተኛዋ ትናንት ሞታለች፤ ክዳኗን ክፍት ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ትናንት ግን በእሳቸው ላይ ጮህኩ። ዛሬ ደግሞ ሁላችሁንም ልዋሻችሁ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገምጋሚው ዕቃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከመሐል አንዱ ተማሪ «ተንቀሳቀሰች ብለው ነበር እኮ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ገምጋሚው ጆሯቸው ቀላ፤ ግን ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ይኼኛው እውነት ነው።

«ይቀጥሉ» አሉ ተቀምጠው። «ጊዜው አላለቀም።»

ምን ልቀጥል? ሁሉም ነገር ጠፍቷል። ያን ጊዜ ከሳምንት በፊት ዝም ያሰኘኋት ልጅ ትዝ አለችኝ። «አንቺ» አልኳት፣ «እኛ ጋም አለ ብለሽኝ ነበር። አላዳመጥኩሽም። እስቲ ንገሪን።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ጣሳው መጣች። መጽሐፉ ላይ ያለው ጥንዚዛ እበቱን ድቡልቡል አድርጎ ያንከባልላል፤ የኛው ግን አያንከባልልም አለች። ከእበቱ ሥር ጉድጓድ ይምሳል፣ ድርሻውን ቁልቁል ይቀብራል። እትዬ ተዋቡ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ አላስቻላቸውም።

«ሌባ ነው!» አሉ። «እኔ ማለዳ የምነሣው ለምን ይመስላችኋል? አንድ ሌሊት ካደረለት እበቴን ወንፊት ያደርገዋል። ወንፊት ደግሞ ኩበት አይሆንም።»

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ለምን አይገድሉትም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሱ በቀበረበት መሬት ላይ ክረምት ሲመጣ ሣሩ እንዴት እንደሚሆን አይተሃል? ላሞቼ ያንን ነው የሚግጡት። ስለዚህ ወፍራም ወፍራሙን እኔ እወስዳለሁ፣ ቀጭን ቀጭኑን ለእሱ እተውለታለሁ። ተስማምተን ነው የምንኖር።»

እኔ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለቱም ስድስት እግር አላቸው። ጥንዚዛው መጀመሪያ ትል ነው፣ በኋላ መልኩን ይለውጣል፤ ጭራሮ መሳይዋ ከእንቁላሏ ስትወጣም ትንሽ ጭራሮ ናት። እሱ ሥራ ላይ ነው፣ እሷ ድርቅ ብላ ነው። «ሌላስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ እትዬ ተዋቡ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«አንዱ ማገዶዬን ሰርቆ ይኖራል» አሉ። «አንዷ ማገዶ መስላ ትኖራለች። እሱ ሌባም ቢሆን አውቀዋለሁ። እሷን ግን፣ አፈር ስሆን፣ ነፍስ እንዳላት በምን ልወቅ? አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ነኝ ብትለኝ!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ጠመኔዬን ይዤ ቀረሁ። ስለ ማን እንደሚናገሩ እሳቸው አያውቁም፤ እኔ ግን አውቄዋለሁ።

ሲያልቅ አብረን ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ እንደምንም ብዬ «እትዬ፣ ትናንት የተናገርኩት…» አልኩ።

«ተዪው፣ ብርድ ነው ያናገረሽ።»

«አይደለም። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ይቅር ይበሉኝ።» ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። «ግን ለምን ሊዋሹልኝ ነበር? እርስዎ!»

እትዬ ተዋቡ አፈር የለበሰ እጃቸውን ነጠላቸው ላይ ጠረጉ። «ነገ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እነግራቸው ነበር፤ ምን ይደረግ» አሉ። «እዚያ ብትሄጂ ይሞቅሻል ብዬ ነዋ።»

ሁለተኛ ልቅሶዬን እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ይኼኛው ግን ለጭራሮ አልነበረም።

ዝውውሩን አላገኘሁም፤ ልንገራችሁ፣ እንዳትጓጉ። ከሌላ ወረዳ የመጣ መምህር ወሰደው። የገምጋሚው ወረቀት ላይ «ትምህርቱ ከዕቅዱ ወጥቷል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀለም «ደወል ከተደወለ በኋላም ተማሪዎቹ አልወጡም» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ።

እናንተ ደግሞ አሁን «ከብርዱ ጋር ተዋደደች» ብላችሁ እንዳትጨርሱልኝ። ድንቄም! አሁንም ሦስት ሹራብ ነው የምለብሰው፣ አሁንም በየዓመቱ የዝውውር ፎርም እሞላለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፤ ርእሰ መምህሩ እጄን ሲያዩ «ደግሞ መጣች» ብለው ይተነፍሳሉ። ተሳስቼ እናገራለሁ፣ እታረማለሁ፣ እንደገና እናገራለሁ። ከእናንተም መሐል ከምሰሶ ጀርባ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ሰው ሳያየኝ ማለፌ ደኅንነቴ ነው የምትሉ፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የማያያችሁ ሰው የግድ ክፉ አይደለም። ውኃ ሊያሞቅላችሁ ብሎም እሳት ውስጥ ሊጨምራችሁ ይችላል።

እትዬ ተዋቡ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አመጡ። ኩበቱን ደርድረው ጭራሮ ከማስገባታቸው በፊት፣ እያንዳንዷን በጣታቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጓትና ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ይጠይቋታል።

«ነፍስ ካለሽ ተናገሪ።»

እኔም ሁልጊዜ ከክፍሌ ሆኜ እመልሳለሁ፤ «አለሁ፣ እትዬ!»